አንድ የተቃጠለ ሽቦ፦ የታይታኒክ ሬዲዮ ብልሽትና ጥገና ታሪክ

 

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናቀርብላችሁ ስለ አንድ ሬዲዮ መበላሸትና መጠገን ነው። «የሬዲዮ ብልሽት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። የዚህ ሬዲዮ ታሪክ ግን ከ700 በላይ ሰዎች በሕይወት ከመትረፋቸው፣ 1,500 ያህል ሰዎች ደግሞ ከመሞታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሬዲዮው የነበረው ታይታኒክ በምትባለው መርከብ ላይ ነው።

የታይታኒክን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ታሪኳን በፊልም ያያችሁም አትጠፉም። መርከቧ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ መስጠሟን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከአደጋው በፊት በነበረው ሌሊት ሁለት ወጣቶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው ስድስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የተበላሸ ሬዲዮ ሲጠግኑ እንደነበር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እኛም ዛሬ የምንተርክላችሁ ይህንን ነው። ሰዎቹ ብልሽቱን እንዴት ፈለጉት? የት አገኙት? ከተጠገነ በኋላስ ምን ተከተለ? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ዓመቱንና ወሩን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰዓቱን ግን ሁላችንም በአገር ቤት በለመድነው አቆጣጠር እንነግራችኋለን።

የዚያን ጊዜ ሬዲዮ

ነገሩ የሆነው በኤፕሪል 1912 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 1904 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ የመርከብ ሬዲዮ እንደ ዛሬው የሰው ድምፅ፣ ዜናና ዘፈን የሚያሰማ አልነበረም። የሚያስተላልፈው የሞርስ ምልክት ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ ይከፈላል፤ ላኪው በእጁ መምቻውን እየተጫነ ይልካል፤ ተቀባዩ በጆሮው እያዳመጠ በእርሳስ ይጽፋል። ሰዎችም «ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ» ይሉት ነበር። መሣሪያውን አሻሽሎ በመርከቦች ላይ እንዲሠራ ያደረገው ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው።

ይህ ሬዲዮ መላክም መቀበልም የሚችል ስለነበረ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ብልሽቱን ለመረዳት እንዲቀላችሁ ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

የመጀመሪያው መላኪያው ነው። ከመርከቧ ዲናሞ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ወደሚባለው መሣሪያ ይገባል። ትራንስፎርመሩ የኤሌክትሪኩን ግፊት እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ኮንደንሰር የሚባለው ዕቃ ኤሌክትሪኩን ያጠራቅማል። የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ይዘላል፤ ብልጭታው የፈጠረው ሞገድም በአንቴናው በኩል ወደ አየር ይወጣል። እንግዲህ መንገዱ ከዲናሞ ወደ ትራንስፎርመር፣ ከትራንስፎርመር ወደ ኮንደንሰር፣ ከኮንደንሰር በብልጭታው አልፎ ወደ አንቴና ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ችግር ቢፈጠር መልእክቱ ሩቅ አይደርስም።

ሁለተኛው መቀበያው ነው። ማርኮኒ በ1902 ያወጣውና በብዙ መርከቦች ላይ ይሠራበት የነበረው መቀበያ ማግኔታዊ ጠቋሚ ይባላል። በውስጡ ከቀጫጭን የብረት ሽቦ የተሠራ ገመድ አለ። ገመዱ በሁለት ትናንሽ መዘውሮች ላይ እየዞረ በማግኔቶች አጠገብ ያልፋል። ሞገድ ከአየር ሲመጣ በብረቱ ላይ ያለው የማግኔት ኃይል ይለወጣል፤ ያም በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ታዲያ ገመዱን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ አልነበረም። እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓትና እንደ ሸክላ ማጫወቻ በእጅ የሚሞላ ሞላ ነበር። ሞላው ካለቀ ገመዱ ይቆማል፤ ገመዱ ከቆመ ሬዲዮው ምንም ሳይበላሽ ደንቆሮ ይሆናል። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

ሁለቱ ወጣቶች

በታይታኒክ ላይ የሬዲዮው ኃላፊ ጃክ ፊሊፕስ ይባላል። መርከቧ በጉዞ ላይ ሳለች ገና 25 ዓመት ሞልቶት ነበር። ረዳቱ ሃሮልድ ብራይድ 22 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ለማርኮኒ ኩባንያ የሚሠሩ ነበሩ። ፊሊፕስ ማታ ከ2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚያ ብራይድ ተነሥቶ ይተካዋል። እንዲህ እየተፈራረቁ ሬዲዮው ሌሊትም ቀንም ሰው አይለየውም ነበር።

የሚበዛው ሥራቸው የተሳፋሪዎችን ቴሌግራም መላክ ነበር። ሀብታሞቹ መንገደኞች «በደኅና እየተጓዝን ነው»፣ «በዚህ ቀን እንደርሳለን»፣ «ሆቴል ያዙልን» የሚሉ መልእክቶችን ገንዘብ እየከፈሉ ያስልኩ ነበር። ከሌሎች መርከቦች የሚመጣውን የበረዶ ማስጠንቀቂያም ተቀብለው ለካፒቴኑ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። የመርከቧ ሬዲዮ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ቀን ቀን በመቶ የሚቆጠር ማይል፣ ሌሊት ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚርቅ ቦታ ይደርስ ነበር።

ብልሽቱ

ከአደጋው በፊት በነበረው ሌሊት ይህ ብርቱ ሬዲዮ ታመመ። ብራይድ ከአደጋው ተርፎ በዚያው ወር ለኩባንያው በጻፈው ሪፖርት ነገሩን በዝርዝር አስረድቷል። እኛም የእርሱን ሪፖርት ተከትለን እንነግራችኋለን።

ብራይድና ፊሊፕስ ሁለት ምርጫ ነበራቸው። አንደኛው ዋናውን ሬዲዮ እንዲሁ ትቶ በባትሪ የሚሠራውን አነስተኛ የመጠባበቂያ መሣሪያ እየተጠቀሙ ኒው ዮርክ እስኪደርሱ መጠበቅ ነው። መጠባበቂያው ግን ጉልበቱ ደካማ ስለነበረ ሩቅ አይደርስም። ሁለተኛው ምርጫ ብልሽቱን ራሳቸው ፈልገው ማግኘት ነው። እነርሱም ሁለተኛውን መረጡ።

ሬዲዮ መጠገን ከሐኪም ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ሐኪም ሕመምተኛውን ሲያይ በሽታው በዓይን አይታየውም፤ የሚያየው ምልክቱን ነው። ትኩሳት የወባ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። ሬዲዮም እንደዚሁ ነው። የኃይል መድከም ምልክት ነው፤ ምክንያቱ ግን ከብዙ ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠጋኙ የኤሌክትሪኩን መንገድ ተከትሎ እያንዳንዱን ክፍል በየተራ ይመረምራል፤ ደኅና የሆነውን እያለፈ ብልሽት ወዳለበት ይጠጋል።

ፊሊፕስ በመጀመሪያ የጠረጠረው ኮንደንሰሩን ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመው እርሱ ስለሆነ ከተሰበረ ኃይል ይጠፋል። በመሆኑም ሁለቱ ወጣቶች ኮንደንሰሮቹን ፈትተው አወጡና አንድ በአንድ መረመሯቸው። ነገር ግን ኮንደንሰሮቹ ደኅና ነበሩ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል። እነርሱ ግን ፍለጋውን ቀጠሉ፤ በመንገዱ ወደ ኋላ ተመልሰው ወደ ትራንስፎርመሩ ሄዱ። ብልሽቱንም እዚያ አገኙት። ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሽቦዎች በሳጥኑ ውስጥ ሽፋናቸው ተቃጥሎ ነበር። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሳጥኑ ደኅና ይመስላል። ውስጡ ግን የተራቆተው ሽቦ እንጨቱን ከብረቱ ጋር የያዙትን ብሎኖች ነክቶ ኮንታክት አድርጓል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ወደ አንቴናው መሄዱን ትቶ አብዛኛው በብሎኖቹ በኩል ወደ መርከቧ ብረት ይፈስስ ነበር። ሥሩ የተሰነጠቀ እንስራ ምንም ያህል ውኃ ብትሞሉበት እንደማይሞላ ሁሉ፣ ዲናሞው ምንም ያህል ኃይል ቢሰጥ ኃይሉ በመንገድ ይባክን ነበር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የዚህ ሬዲዮ በሽታ በሳጥን ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ሲታይ ግን መድኃኒቱ ቅርብ ሆነ።

ጥገናው ምን ነበር ብትሉ እጅግ ቀላል ነው። የተራቆቱትን ሽቦዎች በጎማ ናስትሮ ጠቅልለው ከብረቱ ለዩአቸው። በዚህም ሬዲዮው እንደ ቀድሞው በሚገባ ሠራ። ከባዱ ሥራ መጠገኑ ሳይሆን ፍለጋው ነበር። ስድስት ሰዓት ከተጠጋው ጊዜ አብዛኛው የተበላውም የተሰበረው የት እንደሆነ በማወቅ ላይ ነው። ይህን ማንኛውም የሬዲዮ ሠራተኛ እስከ ዛሬ ያውቀዋል።

ብልሽቱ ትቶት ያለፈው

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የተጠገነ ዕቃም ቢሆን ሳይሠራ የቆየበት ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል።

ሬዲዮው ሳይሠራ በቆየባቸው ሰዓታት የተሳፋሪዎች ቴሌግራም ተከመረ። በማግሥቱ እሑድ ኤፕሪል 14 ቀን 1912፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1904 ዓ.ም.፣ ፊሊፕስ ማታ በሥራ ላይ ሳለ በካናዳ ጠረፍ ኬፕ ሬስ ከሚገኘው የሬዲዮ ጣቢያ ጋር ተገናኝቶ የተከመረውን መልእክት ያወርድ ጀመር። ሰውየው ባለፈው ሌሊት በቂ እንቅልፍ አልተኛም፤ ደክሞታል፤ ሥራውም በዝቶበታል።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ በማዳመጫው ውስጥ ድንገት ብርቱ ድምፅ ጮኸበት። ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ ነበረች። ካሊፎርኒያን በአቅራቢያው በበረዶ ተከብባ ቆማ ነበር፤ የሬዲዮ ሠራተኛዋ ሲሪል ኢቫንስም ይህንኑ ሊነግረው ነው። ላኪው ቅርብ ሲሆን ድምፁ እጅግ ስለሚጎላ ከሩቅ የሚመጣውን የኬፕ ሬስ ድምፅ ዋጠው። ፊሊፕስ ተቆጣና ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ከኬፕ ሬስ ጋር እየተነጋገርኩ ነው የሚል መልስ ላከለት። ኢቫንስ ከጧት ጀምሮ ብቻውን ሲሠራ የዋለ ሰው ነው፤ በመርከቧ ላይ ሌላ የሬዲዮ ሠራተኛ አልነበረም። ጥቂት ካዳመጠ በኋላ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ታይታኒክ ከበረዶው ተራራ ጋር ተጋጨች።

እንግዲህ ተመልከቱ። የተቃጠለው ሽቦ ተጠግኗል፤ ሬዲዮው ብርቱ ሆኗል። ነገር ግን ብልሽቱ ያመጣው የሥራ ክምርና ድካም ከዕቃው ወደ ሰውየው ተሻገረ። የደከመ ሰው ደግሞ የሚነገረውን በትዕግሥት ለመስማት ይቸገራል። ፊሊፕስን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንለው። በዚያ ሌሊት ያደረገውን ቀጥለን ስንነግራችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ታያላችሁ።

የእርዳታ ጥሪ

ብልሽቱ አንድ መልካም ነገርም አስከትሎ ነበር። ብራይድ የጓደኛውን ድካም አይቶ «ዛሬ በ8 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ተነሥቼ እተካሃለሁ» ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ስለዚህ መርከቧ ስትጋጭ ሊነሣ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም በሬዲዮው ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ካፒቴን ኤድዋርድ ስሚዝ መጥቶ የእርዳታ ጥሪ እንዲልኩ አዘዛቸው።

ፊሊፕስ በማርኮኒ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደውን ሲ ኪው ዲ የሚለውን የጭንቅ ጥሪ መላክ ጀመረ። ብራይድም አዲሱን ኤስ ኦ ኤስ የሚለውን ጥሪ እንዲሞክር አሳሰበው፤ ሁለቱንም እየቀያየረ ላከ። ኤስ ኦ ኤስ በሞርስ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ድምፅ ነው። በ1906 በበርሊን በተደረገ ጉባኤ ተስማምተውበት ከ1908 ጀምሮ የጸና ምልክት ነበር።

ጥሪውን ከሰሙት መርከቦች አንዷ ካርፓትያ ነበረች። የካርፓትያም የሬዲዮ ሠራተኛ እንደ ኢቫንስ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስሙ ሃሮልድ ኮታም፣ ዕድሜውም 21 ዓመት ነው። ኮታም ሊተኛ ልብሱን እያወለቀ ነበር። ከሌላ መርከብ የሚጠብቀው መልስ ስለነበረ ግን ማዳመጫውን ከጆሮው አላነሣም። ከአሜሪካ ጠረፍ ጣቢያ ለታይታኒክ የሚላኩ መልእክቶች መኖራቸውን ሰምቶ ስለነበር፣ በቅን ልብ ይህንኑ ሊነግራት ጠራት። ያገኘው መልስ ግን ቶሎ ድረሱልን፣ ከበረዶ ጋር ተጋጭተናል የሚል ነበር። ኮታም ሮጦ ካፒቴኑን አርተር ሮስትሮንን ቀሰቀሰው። ካፒቴኑ በቀመረው ስሌት ካርፓትያ 58 የባሕር ማይል፣ ማለትም 107 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበር። ወዲያው መርከቧን አዙሮ በበረዶ መካከል በሙሉ ኃይሏ አስሮጣት።

ፊሊፕስና ብራይድ ውኃው ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ሥራቸውን አላቋረጡም። ታች ደግሞ የመርከቧ መሐንዲሶች ዲናሞው እንዳይቆም ይታገሉ ነበር፤ ከእነርሱ አንድም የተረፈ የለም። መርከቧ ልትሰጥም ጥቂት ሲቀራት ካፒቴኑ መጥቶ «ሥራችሁን ፈጽማችኋል፤ ራሳችሁን አድኑ» ብሎ አሰናበታቸው። ፊሊፕስ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከመምቻው አልተነሣም። ታይታኒክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ሰጠመች። ፊሊፕስ በዚያ ሌሊት ሞተ። ብራይድ በተገለበጠች ጀልባ ላይ ወጥቶ ተረፈ።

ካርፓትያ 10 ሰዓት ገደማ ደረሰች። በጀልባ ላይ የነበሩትን ከ700 በላይ ሰዎች አንድ በአንድ አወጣች። ብራይድ እግሮቹ ተጎድተው መራመድ ባይችልም፣ ወደ ኒው ዮርክ በሚወስደው መንገድ የደከመውን ኮታምን ረድቶ የተረፉትን ሰዎች ስምና መልእክት ሲልክ ነበር።

ያልተበላሸው፣ ግን ያልሰማው ሬዲዮ

አሁን በልባችሁ ያዙልን ወዳልናችሁ ነገር እንመለስ።

የካሊፎርኒያን ሦስተኛ መኮንን ቻርልስ ግሮቭስ እኩለ ሌሊት ላይ የጥበቃ ተራው አብቅቶ ወደ ሬዲዮው ክፍል ጎራ አለ። ሬዲዮ ለመማር የሚፈልግ ሰው ነበር፤ ሞርስም ጥቂት ያውቃል። ኢቫንስ አልጋው ላይ ነው፤ እንቅልፍ ይዞታል። ግሮቭስ ምን ዓይነት መርከቦች በአካባቢው እንዳሉ ጠየቀው፤ ኢቫንስም ታይታኒክ ብቻ እንዳለች መለሰለት። ግሮቭስ ማዳመጫውን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ። ምንም አልሰማም። ማዳመጫውን አስቀምጦ ሄዶ ተኛ።

ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች ምክንያቱን እንዲህ ያስረዳሉ። የመቀበያው ሞላ አልቆ ገመዱ ቆሞ ነበር። ግሮቭስ ማዳመጫ ማድረግን እንጂ ሞላውን መሙላት እንደሚያስፈልግ አላወቀም። በዚያው ሰዓት አካባቢ የታይታኒክ የጭንቅ ጥሪ በአየር ላይ ይጮህ ነበር። የካሊፎርኒያን ሬዲዮ አንድም ነገር አልተቃጠለበትም፤ ናስትሮም፣ ብሎን መፍቻም፣ የስድስት ሰዓት ድካምም አያስፈልገውም ነበር። የሚያስፈልገው አንድ እጅ ሞላውን ጥቂት ጊዜ እንዲያዞረው ብቻ ነበር።

በዚያች ሌሊት ከካሊፎርኒያን የነበሩ መኮንኖች በሩቅ ሰማይ ላይ ስምንት የእሳት ሮኬቶች ሲተኮሱ አይተዋል፤ ለካፒቴናቸው ለስታንሊ ሎርድም ነግረውታል። ሆኖም ኢቫንስን ቀስቅሶ «እስቲ በሬዲዮህ ምን እንደሆነ ጠይቅልን» ያለ ሰው አልነበረም። ኢቫንስ የተቀሰቀሰው ንጋት ላይ ነው። ሬዲዮውን ሲከፍት ከሌሎች መርከቦች የታይታኒክን መስጠም ሰማ። ካሊፎርኒያን ከታይታኒክ ምን ያህል ርቃ እንደነበረች እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሎርድ መርሲ የተመራው የእንግሊዝ ምርመራ ግን ካሊፎርኒያን ብትደርስ ብዙዎችን፣ ምናልባትም ሁሉንም ማዳን ትችል ነበር ሲል ወቅሷታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሕግ

ከዚህ ሁሉ ዓለም ምን ተማረ? በዚያው ዓመት በጁላይ 1912 አሜሪካ አዲስ ሕግ አወጣች። 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን የምትይዝ የባሕር መርከብ ሁለት የሬዲዮ ሠራተኞች እንዲኖሯትና አንዱ ሁልጊዜ በሥራ ላይ እንዲሆን አዘዘች። ዋናው ኃይል ቢቋረጥ ቢያንስ ለ4 ሰዓት የሚያሠራ መጠባበቂያ ኃይልም ግዴታ ሆነ። በጃንዋሪ 20 ቀን 1914 ደግሞ ብዙ አገሮች በለንደን ተሰብስበው ስለ ባሕር ላይ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈረሙ። በዚያው ዓመት የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ሥራው ቢስተጓጎልም፣ ስምምነቱ በየጊዜው እየታደሰ እስከ ዛሬ የመርከቦች ሕግ መሠረት ሆኖ ይኖራል። ከ1999 ጀምሮ በሞርስ ፈንታ በሳተላይትና ራሱ ደውሎ በሚቀሰቅስ ሬዲዮ የሚሠራ የጭንቅ ጥሪ ሥርዓት በዓለም ላይ ሙሉ በሙሉ ተተክቷል።

እነዚህ ሕጎች ሁሉ በአንድ የአማርኛ ምሳሌ ሊጠቃለሉ ይችላሉ፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ»። ታይታኒክ ሁለት የሬዲዮ ሠራተኞች ስለነበሯት ብልሽቱን ፈልጋ አገኘች፤ ጥሪዋንም አሰማች። ካሊፎርኒያን አንድ ብቻ ስለነበራት፣ እርሱ ሲተኛ ጆሮዋ አብሮት ተኛ።

እኛስ ምን እንማራለን?

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም በቅርቡ ወደ እስራኤል የገባችሁ ቤተሰቦች! ይህን ታሪክ ያቀረብንላችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ብዙ አዲስ ዕቃ ገብቷል፤ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውኃ ማሞቂያ። ብዙ ጊዜ የዕቃውን ጠባይ የሚያውቀው በቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው። ልጁ በሌለበት ሰዓት እናት ወይም አያት ልክ እንደ ግሮቭስ ማዳመጫውን አንሥተው ምንም ሳይሰሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ የምታውቁትን ለወላጆቻችሁ በትዕግሥትና በአክብሮት አሳዩአቸው፤ እነርሱም በራሳቸው እጅ እስኪያደርጉት ድረስ ደጋግሙላቸው። ወላጆችም ልጅን መጠየቅ ነውር አይምሰላችሁ።

ቤታችሁ ያለው ሬዲዮ ዝም ቢል የታይታኒኮቹን ወጣቶች መንገድ ተከተሉ፤ ግን ከቀላሉ ጀምሩ። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው እዩ፤ ሶኬቱ ተሰክቷል ወይ? ባትሪው አልቆ ወይም ተገልብጦ ገብቶ እንደሆነስ? ቀጥሎ ድምፁ ተቀንሶ እንዳይሆን ተመልከቱ። ከዚያ ጣቢያው ተነቃንቆ እንደሆነ፣ አንቴናውም ተስቦ እንደሆነ አረጋግጡ። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ብልሽቱ በሳጥኑ ውስጥ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ለባለሙያ ስጡት እንጂ ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘን ዕቃ ራሳችሁ አትክፈቱ። የሽቦ ሽፋን ተልጦ ወይም ጠቁሮ ካያችሁ ደግሞ ቶሎ አሳዩት፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና።

በአደጋ ጊዜ የምትሰሙበት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮና ደኅና ባትሪ በታወቀ ቦታ አስቀምጡ። ፖሊስ በ100፣ ማጌን ዳዊድ አዶም በ101፣ እሳት አደጋ በ102 እንደሚጠሩ ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉም ይወቅ። የምትኖሩበትን መንገድ ስምና የቤት ቁጥርም በዕብራይስጥ መናገርን ተለማመዱ። የሚጠራ ሰው ያለበትን ካልተናገረ የሚረዳው ሰው የት ይደርስለታል?

ጃክ ፊሊፕስ ባደገበት በእንግሊዝ አገር በጎዳልሚንግ ከተማ በ1914 የመታሰቢያ ሥፍራ ተሠርቶለታል። ሃሮልድ ብራይድ እስከ 1956 በሕይወት ኖሯል። ያን ሌሊት ከጓደኛው ጋር በጎማ ናስትሮ የጠቀለሉት ሽቦ ከመርከቧ ጋር ከባሕር በታች ወርዷል፤ በእርሱ በኩል ያለፈው ጥሪ ግን ካርፓትያ ደርሶ ሰው አድኗል።

ለዛሬ ያዘጋጀንላችሁ ይህ ነው። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑ።